ግሬዱ ሌላ፣ በሽታው ሌላ፦ «አንድ አልትራሳውንድ ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ከአምስቱ አንዷ የራሷን የአልትራሳውንድ ውጤት ፎቶ አንስታ አያይዛበታለች። «ግሬድ 1 ይላል፤ በዚህ ጽሑፍ መሠረት እፎይ ልበል?» ነው ጥያቄዋ። የስኳር ሕመም እንዳለባት ስለማውቅ «አዎ» ማለት አልሆነልኝም።

ሥራዬ አልትራሳውንድ ማንሳትና ማንበብ ነው። መሣሪያው ሲሞገስ ደስ ይለኛል። ይህ ጽሑፍ ግን ያሞገሰው በሌለው ሙያ ነው።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ። ጉበት ላይ ስብ መከማቸት ምልክት የማያሳይ ዝምተኛ ችግር ስለሆነ፣ ጤነኛ የመሰለ ሰው ሁሉ አልትራሳውንድ ይታይ። ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ ጉበቱ ስብ የለበትም። ስብ ከታየ ከ1 እስከ 3 ግሬድ ይሰጠዋል፤ ግሬዱም የበሽታው ደረጃ ነው። 1 የሚናቅ ነው፣ 3 ለሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቶ ለሚደርቅበት የመጨረሻ ደረጃ፣ አንድ እርምጃ የቀረው ነው። መሣሪያ ስለማይዋሽ በየ3 ወሩ እየታዩ ግሬዱን ማወዳደር ይገባል። ከዚህ ውጭ የሚታዘዘው ምርመራ፣ ከደም ውጤት የሚሠራው ፊብ-4 የሚባለው ስሌትም ሆነ የጉበትን ድርቀት የሚለካው ፋይብሮስካን፣ ኪስ ለማራቆት የመጣ ነው። ግሬዱ ሲጠፋ ደግሞ ሰውዬው ድኗል።

ልክ የሆኑበትን አልክድም። የጉበት ስብ በእርግጥ ዝምተኛ ነው። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ወደ 30 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገመታል፤ አብዛኞቹ አያውቁትም። የጉበት ኢንዛይም ልኩን ጠብቆም ስብ ሊኖር ይችላል ያሉትም እውነት ነው። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ አያምም፣ በዚያው አጋጣሚ የሐሞት ጠጠርም ሆነ ያልታሰበ እብጠት ሊያሳይ ይችላል። ክብደት ስለመቀነስ የሰጡት ምክር ላይም ጸብ የለኝም። ጸቤ ከምክሩ በፊት ካለው ሁሉ ጋር ነው።

«ንጹሕ ከሆነ ስብ የለም»

መሣሪያው ስብን ለይቶ አያይም። ድምፅ ይልካል፣ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመለሰውን ይቀበላል፣ የተመለሰውን ወደ ነጭና ጥቁር ምስል ይለውጣል። በጉበት ሴሎች ውስጥ የተጠራቀሙ ጥቃቅን የስብ ጠብታዎች ድምፁን ስለሚበታትኑት ጉበቱ ምስሉ ላይ ይነጣል። እኛ ደግሞ ከጎኑ ካለው የቀኝ ኩላሊት ጋር እናስተያየዋለን። በጤናው ጊዜ የሁለቱ ንጣት ተቀራራቢ ነው። ጉበቱ ከኩላሊቱ በግልጽ ከነጣ ግሬድ 1 እንላለን። ጉበቱ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ግድግዳ መደብዘዝ ሲጀምር 2። ድምፁ ወደ ጥልቁ ሳይዘልቅ ደክሞ፣ የጉበቱ የኋላ ክፍልና ድያፍራሙ (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) አልታይ ሲሉ 3።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከጉበት በመርፌ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚያዩ ባለሙያዎች ጉበት ስብ አለበት የሚሉት ከ5 በመቶ የጉበት ሴሎች ጀምሮ ነው። የእኛ ዓይን ግን ንጣቱን አስተማምኖ የሚለየው ስቡ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ ነው። መሃል ላይ ያለው ሰው «ንጹሕ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጸሐፊው «አልትራሳውንድ ከ10 ሰው 9ኙን ይለያል» ብለዋል። ምንጩን ባይጠቅሱም ከእውነቱ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ግን ግማሹን ትተውታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት 49 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 4,720 ሰዎችን አጣምሮ ነበር። አልትራሳውንድ ስብ ካለባቸው 85 በመቶ ገደማውን አገኘ፤ ከሌለባቸው ደግሞ 94 በመቶ ገደማውን በትክክል «የለም» አለ። ጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር መካከለኛና ከዚያ በላይ ስብ ላለባቸው ነው። በዚያ ላይ እንኳ ከ100 ሰው 15ቱ አምልጠዋል። ቀለል ያለ ስብ ሲሆን የሚያመልጠው ይበዛል።

ሌላም አለ። በጣም ወፍራም ሰው ላይ ድምፁ ጉበቱ ጋ ሳይደርስ ከቆዳ በታች ባለው ስብ ይደክማል። መሣሪያው የሚደክመው ብዙ የጉበት ስብ ይገኝባቸዋል ተብሎ በሚጠረጠሩት ሰዎች ላይ ነው ማለት ነው። ሥራዬን ብወደውም ይህን መደበቅ አልችልም።

በተቃራኒውም ይሳሳታል። ጠባሳ ያለበት ጉበትም ሊነጣ ይችላል። ኩላሊቱ ራሱ ከታመመና ከነጣ ደግሞ ማስተያያው ተበላሸ፤ የነጣ ጉበት አጠገቡ ደህና ይመስላል።

«ግሬዱ የበሽታው ደረጃ ነው»

ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይህ ነጥብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ጉበት ላይ የሚለኩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ስብ ነው፣ ሌላው ጠባሳ። ስቡ ሴሎቹን ሲያስቆጣ፣ ቁጣው ዓመታት ሲቆይ፣ ጉበቱ ቁስሉን በጠባሳ ይደፍናል። ጠባሳው ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 4 ሲሮሲስ ነው። አልትራሳውንዱ የሚሰጠው ከ1 እስከ 3 ያለው ግሬድ ግን የስቡ ነው። ሁለቱም በቁጥር ስለተጻፉ ብቻ ጸሐፊው አንድ መሰላል አድርገዋቸዋል። ሙቀትና ግፊት ሁለቱም በቁጥር ይለካሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሆንም።

የጉበት ስብ ያለባቸውን ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት አንድ ነገር ነው፦ ማን በጉበት ሕመም እንደሚሞት ከሁሉ የተሻለ የሚጠቁመው የጠባሳው ደረጃ ነው። የስቡ ብዛት አይደለም። ብዙ ስብ ይዞ ጠባሳ የሌለበት ሰው አለ። ስቡ ትንሽ ሆኖ ጠባሳው የገፋበትም አለ። ተራው የአልትራሳውንድ ምስል ደግሞ መጀመሪያ ላይ ያለን ጠባሳ አያሳይም። የሚያሳየው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ የጉበቱ ገጽ ሲጎረብጥ፣ ጣፊያው ሲያብጥ፣ ሆድ ውስጥ ውኃ ሲቋጥር።

ምሳሌ ላቅርብ። ሁለቱም ሰዎች የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ቁጥሮቹ ግን በየቀኑ የምናያቸው ዓይነት ናቸው። መጀመሪያ ግን ጸሐፊው የናቁት ፊብ-4 ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አራት ነገር ይፈልጋል፦ ዕድሜ፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት ሁለት የጉበት ኢንዛይሞች፣ እና የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ቁጥር። ዕድሜን በኤኤስቲ ታባዛላችሁ። የፕላትሌቱን ቁጥር፣ በሺህ ተቆጥሮ፣ በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ታባዛላችሁ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላላችሁ። አለቀ። ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ የገፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ያሳስባል፤ ሌላ ምርመራ ይጠይቃል።

አንደኛው ሰው 40 ዓመቱ ነው። አልትራሳውንዱ ግሬድ 3 ይላል። ኤኤልቲው 81 ስለሆነ ከልኩ በላይ ነው። ኤኤስቲው 45፣ ፕላትሌቱ 280 ሺህ። ስናሰላው 1,800 ሲካፈል ለ2,520 ይሆናል፤ 0.71። በጸሐፊው አነጋገር ይህ ሰው ሲሮሲስ ደጃፍ ላይ ነው። በስሌቱ ግን የገፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅ ያለ ነው።

ሁለተኛዋ 58 ዓመቷ ነው። ግሬድ 1። ኤኤልቲዋ 36 ነው፣ በብዙ ላቦራቶሪ ልክ ውስጥ የሚገባ። ኤኤስቲዋ 48፣ ፕላትሌቷ 145 ሺህ። 2,784 ሲካፈል ለ870፤ 3.2። ጸሐፊው «የሚናቅ» ያሉት ይህንን ነው።

ስሌቱ አስማት አይደለም። ጠባሳ ሲገፋ ወደ ጉበት የሚገባው ደም መንገድ ይጠበዋል፣ ግፊቱ ወደ ጣፊያ ይዞራል፣ ጣፊያው ያብጥና ፕላትሌቶችን ያስቀራል። ኤኤስቲም ከኤኤልቲ በላይ መውጣት ይጀምራል። ዕድሜ ደግሞ ጉበቱ ስንት ዓመት ሲቆስል እንደኖረ ይጠቁማል። እነዚህን አንድ ላይ ማየት ነው።

ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። ከ35 ዓመት በታች ላሉ ብዙም አያገለግልም። ከ65 በላይ ለሆኑ የታችኛው መስመር ከ1.3 ወደ 2 ከፍ ይላል፤ አለዚያ ዕድሜ ብቻውን ሰውን ሁሉ ያስፈራራል። ጉበት በሌላ ምክንያት በድንገት ከተቆጣም ቁጥሩ ይዘላል። 3.2 የወጣላት ሴትም ጠባሳ አለባት ተብሎ አልተፈረደባትም፤ ቀጣዩ ምርመራ ያስፈልጋታል ነው የተባለው።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር አይደለም። ሬስሜቲሮም የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ በስብ ምክንያት ለመጣ የጉበት ቁጣ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነበር። የተፈቀደው ጠባሳቸው መካከለኛና የገፋ ሆኖ ሲሮሲስ ላልደረሱ ነው። የአልትራሳውንድ ግሬድ መስፈርቱ ውስጥ የለም።

«ግሬድ 1 የሚናቅ ነው»

ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ጸሐፊው ሰው እንዳይደነግጥ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ግሬድ 1 የተባለ አብዛኛው ሰው በጉበቱ ምክንያት ችግር ላይ አይወድቅም፤ በዚህ ልክ ናቸው። ግን ስኳር ያለበት ሰው ላይ ጠባሳ የመገኘቱ ዕድል ከሌላው ይበልጣል። እሷን የላክኋት የደም ምርመራዋን አውጥታ ፊብ-4 እንድታሰላ ነው። አስልታ ልካልኛለች፤ ቁጥሩ የእሷ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ሌላው የተረሳ ነገር፦ የጉበት ስብ ያለበትን ሰው ከሁሉ በላይ የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው፣ ጉበቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት «አልኮል ያላመጣው የጉበት ስብ» የሚለውን የቆየ ስም ትተው ከሜታቦሊዝም (ሰውነት ምግብን ከሚጠቀምበት ሂደት) መዛባት ጋር በሚያያይዝ ስም ተክተውታል። ስለዚህ ግሬድ 1 ወረቀት የያዘ ሰው ግፊቱን፣ ስኳሩንና ኮሌስትሮሉን ይለካ። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

«መሣሪያ አይዋሽም»

መሣሪያው አይዋሽም ይሆናል፤ እኔ ግን እሳሳታለሁ። ማሽኑ ላይ ምስሉን የሚያደምቅ ማስተካከያ አለ፤ ጌይን እንለዋለን። ትንሽ ከፍ ካደረግሁት የማንም ጉበት ይነጣል። አንድ ጊዜ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተወራርደን የቆዩ ምስሎችን ስም ሸፍነን እንደገና ግሬድ ሰጠን። እኔና እሱ አለመስማማታችን አልገረመኝም። የገረመኝ እኔ ከራሴ ጋር አለመስማማቴ ነው። 1 ያልኩትን 2፣ 2 ያልኩትን 1 ብዬው አገኘሁ። «አለ» ወይስ «የለም» በሚለው ላይ የተሻልን ነበርን። ግሬዱ ላይ ነው የተዝረከረክነው። ምሳ እኔ ጋበዝኩ።

እና በየ3 ወሩ በሌላ ማሽን፣ በሌላ ባለሙያ እጅ እየታዩ «ከ2 ወደ 1 ወረድኩ» ብሎ መደሰት፣ ወይም «ከ1 ወደ 2 ወጣሁ» ብሎ እንቅልፍ ማጣት፣ ትርጉሙ ምንድን ነው? የተለወጠው ጉበቱ ይሁን ባለሙያው አይታወቅም። ጠባሳ ደግሞ በ3 ወር የሚሮጥ ነገር አይደለም፤ ዓመታት ይፈጃል። መመሪያዎቹም ፊብ-4 ዝቅ ላለለት ሰው ምርመራውን እንደ ሁኔታው ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ድገሙ ነው የሚሉት። ለኪስ ማሰብ ከሆነ በዓመት አራት አልትራሳውንድስ?

«ሌላው ምርመራ ኪስ ማራቆቻ ነው»

ፊብ-4 የሚሰላው ከተራ የደም ምርመራ ነው። ብዙ ሰው ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል። የሚቀረው በስልክ ካልኩሌተር መምታት ነው። ኪስ የሚያራቁተው የቱ ጋ እንደሆነ አልገባኝም።

ፋይብሮስካን ላይ በከፊል እስማማለሁ። ለሁሉም ሰው አያስፈልግም፤ መሣሪያ ስላለ ብቻ የሚያዝ ካለ ትክክል አይደለም። ፊብ-4 የሚጠቅመው እኮ ለዚሁ ነው፤ የማያስፈልጋቸውን ሰዎች አስቀድሞ ለመለየት። የሚገርመው ግን ፋይብሮስካን ራሱ አልትራሳውንድ ነው። ጸሐፊው ያወገዙት ያሞገሱትን ዘመድ ነው። ጎን ላይ ቀስ ብሎ መታ ያደርጋል፤ ከዚያች ምት የተነሳው ሞገድ በጉበት ውስጥ ሲጓዝ ፍጥነቱን በአልትራሳውንድ ይለካል። በደረቅ ነገር ውስጥ ሞገዱ ይፈጥናል። ጠባሳ ያለበት ጉበት ደረቅ ነው። ውጤቱ በኪሎፓስካል ይወጣል፤ ከ8 በታች ሲሆን በአብዛኛው የገፋ ጠባሳ የለም ይባላል። ድምፁ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደተዳከመ ለክቶም የስቡን መጠን በቁጥር ይሰጣል። በዓይን ከሚሰጥ ግሬድ ይልቅ ቁጥር ለማወዳደር ይመቻል።

እሱም ይሳሳታል። ምግብ በልቶ የተመረመረ ሰው ጉበቱ ከነበረው በላይ ደርቆ ሊነበብ ይችላል፤ ቢያንስ 3 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል። ልብ ደክሞ ደም ጉበት ውስጥ ከተጠራቀመም እንዲሁ። በናሙና መመርመርም ቢሆን ከጉበቱ 50,000ኛውን ያህል ብቻ ነው የሚያየው። እንከን የሌለው ምርመራ የለም። ለዚህ ነው በደረጃ የሚሠራው፦ መጀመሪያ ስሌቱ፣ ካሳሰበ ፋይብሮስካን፣ ጥያቄው ካልተፈታ ጥቂት ሰዎች ላይ ናሙና።

«ሁሉም ሰው ይታይ» ስለሚለው ብዙ አልልም። ዋና ዋናዎቹ መመሪያዎች ሕዝቡን ሁሉ መርምሩ አይሉም። ትኩረታቸው ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው፣ ውፍረታቸው ከሌላ የሜታቦሊዝም ችግር ጋር የተያያዘ፣ ኢንዛይማቸው ከፍ ብሎ የቆየ ሰዎች ላይ ነው። ለእነሱም ስለ ጠባሳ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርበው በስሌቱ ነው።

«ግሬዱ ሲጠፋ ድነዋል»

ስብ ከምስሉ ላይ የሚጠፋባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ ጸሐፊው የሚያውቁት አንዱን ነው።

አንደኛው መልካሙ ነው። ሰውየው ክብደት ይቀንሳል፣ ስቡም ይሄዳል። ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ ስቡን ማሳሳት ይጀምራል። ጠባሳው ግን ቶሎ አይነቃነቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 293 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ከክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሱት 45 በመቶው ላይ ጠባሳው እንደቀነሰ አሳይቷል። ትልቅ ተስፋ ነው። ግን ከግማሽ በላዩ ላይ ስቡ ሲሄድም ጠባሳው ባለበት ሊቆይ እንደሚችል አብሮ ይነግረናል። ምስሉ ላይ ንጹሕ የሆነ ጉበት ከውስጥ ጠባሳውን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ መጥፎው ነው። በሽታው ወደ ሲሮሲስ ሲገፋ ስቡ ራሱ እየመነመነ ይሄዳል። ሐኪሞች ነዶ ያለቀ በሽታ ይሉታል። ከዓመታት በፊት ግሬድ 3 የነበረ ሰው ምንም ክብደት ሳይቀንስ ዛሬ «ስብ የለም» ሊባል ይችላል። በጽሑፉ ስሌት ይህ ሰው ከ3 ወደ 0 ወርዷል፤ ድኗል፤ ከእንግዲህ መታየት አያስፈልገውም።

ሲሮሲስ ያለበት ሰው ግን የጉበት ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ እንዲገኝ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ መታየት አለበት። በቋሚነት ወደ እኛ ክፍል መመላለስ ያለበት ሰው እሱ ነበር፤ ጽሑፉ ያሰናበተውም እሱኑ ነው።